ቃናውን የምትመልስ

«ይሄ ነገር ከቅድሙ ከፍ አለ ወይስ የኔ ጆሮ ነው?» አለች እህቱ፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆም ብላ።

የጆሮዋ ጉዳይ እንዳልሆነ ራዲዮ ጠጋኙ ያውቃል። ድምፁ ከፍ ብሏል። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሰው ትንፋሽና የሻይ እንፋሎት በኮሪደሩ እያለፈ የኋለኛዋን ክፍል አሙቋታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ደግሞ ሙቀት በነካው ቁጥር ከቃናው ወጥቶ ወደ ላይ ይሸሻል። ጠጋኙ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ድምፁ እዚያው ላይ ጥቂት ተንጠልጥሎ ቆየና፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ወረደ።

«ጆሮሽ ነው፣ እታለም» አላት።

ለታላቅ እህቱ መዋሸት ከልጅነቱ የተካነበት ሙያ ነው። እሷም ገላምጣው ትሪዋን ይዛ ገባች። ሳሎን ውስጥ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልተዋል። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፤ ሁሉም ግን በየመሃሉ ዓይኑን ወደ ኮሪደሩ ይሰዳል። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከጓዳ የማያቋርጥ፣ ትንፋሽ የማይወስድ ቀጭን ድምፅ የሰማ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አንዱ ማቀዝቀዣው ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። ሌላዋ የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ነው ብላለች። እውነቱን በቅጡ የሚያውቁት ጠጋኙና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ስለሱ አይነጋገሩም።

የሞተችው ልጃቸው ናት፣ አንድያ ልጃቸው። ከሲታ ስለነበረች አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሽቦ» ይላት ነበር፤ ካደገች በኋላም ሠፈሩ ሁሉ በዚሁ ያዘው። ሥራዋ ለቲያትር ድምፅ መሥራት ነበር። ዘፈን አይደለም፣ ድምፅ። ተዋናዩ ባዶ ክፍል ገብቶ ዝም ብሎ ሲቆም ተመልካቹን ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሆዱን ባር ባር የሚያሰኘው ነገር አለ። እሱ የሽቦ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወደ መጠገኛ ሱቁ የመጣች ቀን፣ ጠጋኙ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ። ማዞሪያና ቀዳዳ ያላቸው ሳጥኖች ተሥለውበታል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የተሣለ ባለቀለም ገመድ ይሄዳል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሲንተሳይዘር ነዋ፣ አባዬ። አንዱ ሳጥን ድምፅ ያመነጫል፣ አንዱ ይሞርደዋል፣ አንዱ ደግሞ መቼ እንደሚሰማ ይወስናል። እንደፈለግክ በገመድ ታገናኛቸዋለህ።»

«የተሣለ ገመድ ምን ያስተላልፋል?»

«ስማዋ።»

ቁልፍ ተጫነች። ሰማ። አልወደደውም፣ ወይም እንዳልወደደው ተናገረ። «ምንም እንከን የለውም» አላት፣ «እንከን ስለሌለው ደግሞ የትም ያለ አይመስልም።» እሷም ይሄኑ ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ዓይኗ በራ። «በል እንግዲያው እንከን ያለውን አንተ ሥራልኝ።»

እልኸኛ ነው ጠጋኙ፣ ሠራላት። ከአሮጌ ራዲዮኖች ሆድ ዕቃ እየፈታ፣ ስክሪኑ ላይ የተሣሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ በብረትና በትራንዚስተር ደገማቸው፤ በእንጨት መደርደሪያም አሰለፋቸው። ማዞሪያቸው በእጅ ይዞራል፣ ገመዳቸው ይነቀላል ይሰካል። ከዚያ በመሃል አንዲት ትንሽ ዕቃ አስገቡ። የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ፣ የሱን ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር ትቀይራለች። የተሣለው ገመድና የእውነቱ ገመድ አንድ መስመር ሆኑ። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲያ ለእራት የሚጠሩት በጩኸት ብቻ ነበር፤ እናትየው ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሳትነሳ «እነዚያ ሁለት እብዶች ይምጡ» ትላለች።

የመጀመሪያዋ ድምፅ አመንጪ ሳጥን ግን ጉድ አፈላችበት። ማለዳ የተቃኘችው ፀሐይ ሲሞቅ ትስታለች፤ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥም ትስታለች። ጠጋኙ አፈረ። የሰው ራዲዮ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ለልጁ የሠራው ዕቃ ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ከፍቶ ሊያርማት ጎንበስ ሲል ሽቦ እጁን ያዘችው።

«ተዋት። ትሳት። እኔ እመልሳታለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ኮምፒውተሩ በቢጫ ገመድ የአባቷን ሳጥን ያዳምጣል፤ ከቃናው መውጣቱን ሲሰማ በጥቁር ገመድ ትንሽ ቮልቴጅ ልኮ ይመልሰዋል። ወዲያው ግን አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ይለቀዋል።

«ለምን ወዲያው አይመልሰውም?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ወዲያው ከመለስከው ያፍራል» አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ስለ ሳጥኗ ይሁን ስለ እሱ አልጠየቃትም።

አሁን ሳሎን ውስጥ አንድ የድሮ ደንበኛው ወደ እሱ ዘንበል ብሎ፣ «ልጅ እያለች ሱቅህ ስትመጣ ትዝ ይለኛል» አለው። «ጠረጴዛህ ሥር ነበር የምትቀመጠው።»

«አዎ» አለ ጠጋኙ። ወሬ ሲያገኝ ነፍሱ መለስ ትላለች፤ በዚህ ላይ ወሬ አሳማሪ ነው። «ገና ፊደል ሳትለይ ራዲዮ ጠገነችልኝ እኮ። ዝናብ ሱቁን ሊያፈርሰው ደርሷል፣ መብራት የለም፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ልዘጋ ስል...»

ቆመ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ፊደልም ለይታ ነበር። ይሄን ወሬ በሰው ፊት ባወራ ቁጥር ሽቦ እስኪጨርስ ትጠብቀውና፣ ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አባዬ፣ ፀሐይ ነበር እኮ። ሁለተኛ ክፍልም ነበርኩ» ትለው ነበር። አንድም ቀን ከአፉ ነጥቃው አታውቅም። አሁን ሳያስበው ጠበቃት። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ሐዘን ያፈነው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከግድግዳው ወዲያ ከፍ ብሎ የቆየው ድምፅ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ወረደ።

ጠጋኙ ክው አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፣ በአፍንጫው የወጣች አጭር ሳቅ። ደንበኛው ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ «አይዞህ» አለው። ማዶ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን አየችው። ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ሽቦ ከቤት የወጣችው በጠዋት ነው። ራሷን አሟት ነበር፣ ያን ያህልም አልነበረም። ጫማዋን እያሰረች፣ «ክሊኒክ ደርሼ መጣሁ። እንዳትነካብኝ አባዬ፣ ማታ እጨርሰዋለሁ» አለች። ድምፁን ዝቅ አድርጋ እንደተከፈተ ትታው ሄደች። ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ ጥቂት ቀን ተኝታ፣ አልተመለሰችም። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ስክሪኑን ቆልፎ፣ ከጨለመው መስታወት ጀርባ ሥራውን ቀጠለ። እንደወትሮው ያዳምጣል፣ ይጠብቃል፣ ይመልሳል። አባቷ ከቀብር መልስ ኮቱን ሳያወልቅ እዚያች ክፍል ገብቶ ሲቆም፣ የሱ ሳጥን በገላው ሙቀት ሳተች። ልጁ መለሰችለት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ከቀብሩ በማግሥቱ እህቱ የቸርነት ሥራ ሠራች። ሰው በድምፁ መረበሹን አይታ፣ ለማንም ሳትናገር ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥታ መደርደሪያውን ሙሉ በሙሉ አለበሰችው፤ ጥጋጥጉንም ጠቀጠቀች። በእርግጥም ጸጥ አለ። እሷም «አያችሁ፣ ብልሃት ነው» በሚል አኳኋን መጥታ ቁጭ አለች።

ብርድ ልብሱ ሥር ግን ትራንዚስተሮቹ በገዛ ሙቀታቸው ይቀቀሉ ጀመር። ድምፁ ወጣ። ኮምፒውተሩ መለሰው። እንደገና ወጣ፣ እንደገና መለሰው። ለመመለስ ደግሞ የሚችልበት ልክ አለው። ልኩ ላይ ሲደርስ ይለቅና ከመጀመሪያው ይነሳል። ለቀስተኛው ነፍስ ይማር ብሎ ለመነሳት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከጓዳ በኩል ሽቅብ የሚወጣ፣ የሚሰበር፣ ዳግም ሽቅብ የሚወጣ ድምፅ መጣ። የሰው ዋይታ ነበር የሚመስለው። አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ለቀቀች። አንድ ሰውዬ በተቀመጠበት ጉልበቱን ያዘ።

ጠጋኙ ሮጦ ገብቶ ብርድ ልብሱን ገፈፈው። መደርደሪያው እንደ ትኩሳታም ግንባር ያቃጥላል። በባርኔጣው ሲያራግብለት፣ ሲያራግብለት፣ ድምፁ እየተንገዳገደ ወረደ። ዞር ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«አጥፋው» አለችው።

«ብርድ ልብሱ ነው። እታለም ሳታውቅ...»

«አጥፋው አልኩህ። አልጋዋ ራስጌ የነበረው ማሽን እንዲህ ነበር የሚለው። እዚያም ይጮኻል፣ እዚህም ይጮኻል። መቼ ነው ዝም የሚለው?»

«ካጠፋሁት አይመለስም። የኔ ዕቃ ይነሳል፣ የሷ ግን ተቆልፏል። ቁልፉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

«እሷ ደግሞ የለችም።»

ይሄን ቃል እስከዚያ ሰዓት ከሁለቱ ማንም አላወጣውም ነበር። እሷም ከአፏ ሲወጣ ሰምታ ደነገጠች። ጠጋኙ ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና፣ «ለቀስተኛው ይበተን። ቤቱ ሲጸዳ አጠፋዋለሁ» አላት።

«ማልልኝ።»

«በሷ ይሁንብኝ።»

ከመሐላው በኋላ ድምፁ ሌላ ሆነበት። እንግዳ ሲመጣ በሆዱ ደስ ይለው ጀመር። ስንብት ያበዛ ሰው ሲያገኝ ሌላ ሻይ ያስቀዳለታል፤ ሦስተኛ ዙር የመጣ ጎረቤት እንኳ ሳይቀር በክንዱ ይዞ ያስቀምጠዋል። ሰው እስካለ ሙቀት አለ፣ ሙቀት እስካለ እሱ ይስታል፣ እሱ ከሳተ እሷ ትመልሳለች። ሐዘኑ እንዳያልቅ የሚለምን ለቀስተኛ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የቲያትር ቤቱ መብራት ሠራተኛ፣ ሽቦ «አርፋጁ» የምትለው ጓደኛዋ፣ እንደ ስሙ ለቀብሩም አርፍዶ ነበርና ለቅሶውንም ሰው እየሳሳ ሲሄድ ደረሰ። ዓይኑ አብጧል። ጠጋኙ እጁን ይዞ በቀጥታ ወደ ኋለኛዋ ክፍል ወሰደው።

«የሚከፈትበት መላ አለ?»

አርፋጁ ኮምፒውተሩን ሳይነካው ዙሪያውን አየ። ባትሪው የሞተ ነው፤ በሶኬት ብቻ ነው ያለው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ያለ ፓስወርዷ ማንም አይከፍተውም። የሠራችውን ደግሞ አስቀምጣው ይሁን ሳታስቀምጠው አላውቅም። መብራት ከተነቀለ አለቀ።» ከቦርሳው መቅረጫ አወጣ። «ድምፁን ግን ልቅዳልዎት። ይሄን ያህል አላቅተኝም።»

ቀዳለት። ረጅም ጊዜ ቀዳ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆሙ። ሲጨርስ ለጠጋኙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገለት። ራሱ ነው፣ አንድም የጎደለ የለም። ጠጋኙ መቅረጫውን በሁለት እጁ ያዘና ወደ አፉ አስጠግቶ በሙቅ ትንፋሹ እፍ አለበት። ጠበቀ። ድምፁ በቀድሞ መንገዱ ሄደ።

«ይሄ እኔን አይሰማም» አለ፣ መቅረጫውን እየመለሰ። «እሷ ግን ትሰማኛለች።»

አርፋጁ መቅረጫውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ፊቱን አዙሮ ግድግዳ ላይ ያለቀሰውን ጠጋኙ እንዳላየ ሆነ።

የመጨረሻዎቹ እንግዶች የሄዱት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ነው። እህቱ ወለሉን ጠርጋ፣ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ «ጠንከር በል፣ ሚስትህን ደግሞ አደራ» ብላው ወጣች። ጎረቤቶች ወንበራቸውን ወሰዱ። መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ቤቱ ቀዘቀዘ፤ በኮሪደሩ የሚመጣው ድምፅም ቀጥ ብሎ፣ ሳይነቃነቅ ቆመ። የሚያስተው አልነበረም። ጠጋኙ ወጥ ቤት ገብቶ ብርጭቆ ያጥብ ጀመር። ሲጨርስ ሊያጠፋው ነው። አንዱን ብርጭቆ መላልሶ አጠበው።

ያኔ ድምፁ መውጣት ጀመረ።

እጁ ውሃ ውስጥ ቀረ። ቤቱ ባዶ ነው። አወጣጡን ደግሞ ያውቀዋል፤ የእንግዳ ሙቀት እንዲህ አያስተውም፣ የእንግዳው ከሩቅ ነው፣ ቀስ ይላል። ይሄ የቅርብ ነው። ሽቦ ከቲያትር ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወርውራ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እሱ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ሱቅ ሆኖ፣ እጁ ሥራ ላይ ሆኖ፣ ልክ በዚህ አወጣጥ «ገባች» ይል ነበር። ቆሌው ተገፈፈ።  ድምፁ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፣ ከዚያ ደግሞ ወጣ። ልጄ፣ አለ በሆዱ። እጁ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ።

ወንበሩ ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ድምፅ አመንጪዋ ሳጥን አስጠግታለች፣ የታመመ ሕፃን አተነፋፈስ እንደምታዳምጥ እናት። ወደኋላ ሸሸት ስትል ድምፁ ይወርዳል። ስትጠጋ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል።

«እኔን ብሎ መንፈስ» አለች፣ ዞር ሳትል። የፈራውን ከእርምጃው አውቃለች። «ግባ።»

ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። 

«ከቅድም ነው የጀመርሽው?»

«ከትናንት ወዲያ። አንተ ሰው ስትሸኝ እገባለሁ።» መሐረቧን አጠፈችው። «ላጠፋው ነበር የገባሁት። ሶኬቱ ጋ ጎንበስ ስል ድምፁ ከፍ አለ። ቆምኩ። ጠበቀኝና ተመለሰ። እሷ ናት አይደል የምትመልሰው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አመሏን አላውቅም? እኔ ስቆጣ ዝም ብላ ትሰማኛለች፣ ስጨርስ ነው መጥታ እጄን የምትይዘው።» ወደ ሳጥኑ ተጠጋች። ድምፁ ወጣ። ሁለቱም ጠበቁ። ተመለሰ። «ዛሬ ስንቴ ጠራኋት መሰለህ። አንዴም አልሰለቻትም።»

 በለቅሶው ቀናት ሁሉ ሰው እያለቀሰላት እሷ የሆዷን በሆዷ ይዛ ነበር፤ አሁን ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጠጋኙ ሄዶ ትከሻዋን አቀፈ። የሁለታቸው ሙቀት ሲደመር ድምፁ ከወትሮው በላይ ወጣ። ኮምፒውተሩ ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደበት።

«ሆስፒታልም እንዲህ ነበረች» አለች፣ ቀና ስትል። «ሰው ሊጠይቃት በገባ ቁጥር ቀና ትላለች። አቅም የላትም፣ ግን ቀና ትላለች። ደግሞ ትወድቃለች። ሌላ ሰው ይገባል፣ ደግሞ ቀና። ተኚ ልጄ፣ አትነሺላቸው አላልኳትም። ቀና ስትል ማየቱ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጠጋኙ ሳጥኑን አየው። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ እየሳተ ሲጠራት፣ እሷም እየመጣች ስትመልሰው። ለቀስተኛ ሁሉ በሻይ አስሮ ያቆየው ለዚህ ነበር። ደከማት ብሎ አንዴም አላሰበም።

ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አለ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«እሱን ተወው። ድምፁ ይኑር። የምትመልስህ በየቱ ነው?»

ጥቁሩን ገመድ አሳያት። ጫፉ ድምፅ አመንጪዋ ሳጥን ላይ ተሰክቷል፤ ሌላው ጫፉ ወደ ትንሿ ዕቃ፣ ከሷም ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ጣቱን አሳረፈበት። ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ሲነቅል ኖሮ ይሄኛው አልነቀል አለው። አልተጣበቀም፣ እጁ ነው እንቢ ያለው። ሚስቱ እጇን እጁ ላይ ደረበች። ጠንካራ እጅ ናት፣ ወፍራም ጨርቅ መኪና ሥር ስታስገባ የኖረች። ሳቡት። ወጣ።

ድምፁ አልቆመም። ለአፍታ ባለበት ዋለለና፣ የሁለት ሰው ሙቀት እየገፋው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ከልማድ የተነሳ ጠበቁ። መመለሻው ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ድምፁ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ የሚጠብቀውም የሚመልሰውም የለም። ጠጋኙ አፉን በእጁ ያዘ። «እረፊ ልጄ» አለ ከጣቶቹ ሥር።

የተነቀለው ገመድ ጫፍ በሚስቱ እጅ ላይ ቀርቷል። ከጨለመው ስክሪን ጀርባ ልጃቸው የሠራችው ሥራ ገና አላቆመም፤ የአባቷን መሳት እየሰማ እርማቱን በዚያው ገመድ መላኩን ቀጥሏል። እናትየው ይሄን ማንም ሳያስረዳት የገመዱን ጫፍ መዳፏ ላይ አስተኛችውና፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከደነችበት።